የእትዬ ሙጂባ ስድስት መቶ ጀሪካን

እትዬ ሙጂባን አንድ ቀን ሁለት ጀሪካን ያስወጣቸዋል። ሱብሒ ሰግደው ደሴ ላሉት እህታቸው በቪዲዮ ይደውላሉ፤ ግማሽ ሰዓት ካወሩ ሩብ ጀሪካን ሄደ። ረፋዱ ላይ ሽንኩርት እየከተፉ ቁርኣን ያዳምጣሉ፤ እሱ ድምፅ ብቻ ስለሆነ አንድ ጣሳ ቢሆን ነው። ከቀትር በኋላ በስልካቸው የሚከታተሉት ድራማ አላቸው፤ የምስሉን ጥራት ዝቅ አድርገው ስለሚያዩት አንድ ጀሪካን አይሞላም። አመሻሽ ላይ የእንግሊዝኛ ትምህርት አለ፣ ግማሽ ጀሪካን። ከዘመድ የሚላከው ፎቶና የሰርግ ቪዲዮ ሲጨመርበት ሁለት ሞላ። ከዚያ ያለፈ ቀን ካለ ምክንያቱ ደብተራቸው ላይ ከጎኑ ይጻፋል፤ «እንግዳ መጣ» ወይም «አሞኝ ተኝቼ ዋልኩ» ተብሎ።

ጀሪካን ያልኩት ጂቢውን ነው። እኛ ግቢ ውስጥ የኢንተርኔት ፍጆታ የሚለካው በጀሪካን ነው፤ አንዱ ጂቢ አንድ ጀሪካን። ያስለመዱን እሳቸው ናቸው። እኔም ሳላስበው ሱቅ ውስጥ ለሰው «ይሄ ፊልም ስንት ጀሪካን ይፈጃል?» ብዬ አውቃለሁ።

ግቢያችን እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ሱቅ ከሞላበት ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነው። ከፊት ለፊት ባለው ቤት አከራያችን ጋሽ ወንዳፍራሽ ይኖራሉ፤ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ያረፉባቸው ሰው ናቸው። ከኋላ ሁለት ትንንሽ ቤቶች አሉ። በአንደኛው እኔና ባለቤቴ ባሮክ ከሦስት ዓመቷ ልጃችን ከቅድስት ጋር እንኖራለን። በሌላኛው እትዬ ሙጂባ ከልጃቸው ከሐናን ጋር አሉ። ኢንተርኔቱ ከኪራዩ ጋር ነው፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው ያስገቡት። ርካሹ ውል ነው፦ ለሦስቱም ቤት በወር ስድስት መቶ ጂቢ። ሲያልቅ አይቆረጥም፣ ግን ይንፏቀቃል። አንድ ፎቶ ለመክፈት ሻይ አፍልተሽ ጠጥተሽ ትመለሻለሽ። ተጨማሪ ልግዛ ቢሉም በዚያ ውል አይሸጥም፤ አንደኛው ቀን እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

እትዬ ሙጂባ ከመምጣታቸው በፊት በየወሩ ሃያኛው ቀን ላይ ያልቅ ነበር። ያኔ ነው ጭቅጭቁ የሚጀመረው። ጋሽ ወንዳፍራሽ «የባሮክ ጌም ነው የጨረሰን» ይላሉ። ባሮክ ደግሞ «የጋሼ ኳስ ነው» ይላል። ሐናን ምንም አትልም፤ ሚራክል ማይል ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ውላ ስለምትመጣ ለጭቅጭቅ የሚሆን ጉልበት የላትም።

ሐናን በዲቪ መጥታ፣ ዜግነት ስታገኝ ነው እናቷን ያስመጣችው። ሦስት ዓመት ሆናቸው። በመጡ በሁለተኛው ሳምንት የተለመደው ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ግቢው መሃል ቆመን ስንነታረክ እትዬ ሙጂባ በራቸው ላይ ቆመው ሰሙን። ሰምተው ሰምተው፦

«ቆጣሪው የት ነው?» አሉ።

ባሮክ ሳቀ። «እትዬ፣ ኢንተርኔት እኮ ቆጣሪ የለውም።»

«ቆጣሪ ከሌለው ስድስት መቶው ማለቁን ማን ነገራችሁ?»

ባሮክ ስልኩን አወጣ፣ የኢንተርኔት ድርጅቱን አፕ ጫነ፣ ከጋሽ ወንዳፍራሽ ፓስዋርድ ተቀበለ፤ ቆጣሪውም እዚያው ተቀምጦ ተገኘ። ያን ሁሉ ጊዜ ከፍቶት ያየ ሰው አልነበረም።

ምክንያቱን ያወቅነው በኋላ ነው። እትዬ ሙጂባ ደሴ ሃያ ሁለት ዓመት የቦኖ ውሃ ሻጭ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን አሰልፎ የሚቀዳበትን ቧንቧ ጠዋት ከፍተው ማታ የሚዘጉ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረው የሚዞሩ እሳቸው ነበሩ። ሲከፍቱ ቆጣሪውን ያነባሉ፣ ሲዘጉ ያነባሉ። ቆጣሪው ያለውና የቀዱት ጀሪካን ካልተገናኘ አንድ ቦታ ይፈሳል ማለት ነው፤ ያ ቦታ እስኪገኝ እሳቸው አይተኙም። «አንድ ቀን ጎደለብሽ ተብዬ ቀበሌ አልተጠራሁም» ሲሉ አገጫቸው ትንሽ ከፍ ይላል። ስለ ሌላ ነገር ሲያወሩ እንዲያ ሲሆኑ አላየሁም።

ኢንተርኔቱንም የያዙት እንደዚያው ነው። የልጆች ደብተር ገዝተው ሦስት መስመር አሰመሩ፣ ለየቤቱ አንድ። አፑ የሚያሳየው የሦስቱን ቤት ድምር ብቻ ነው፤ ቁጥሩም የሚታደሰው በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ነው። ስለዚህ እትዬ ሙጂባ አመሻሽ ላይ በየቤቱ ይዞራሉ።

«ዛሬ ምን ከፈታችሁ?»

«ቅድስት ካርቱን አየች፣ ሁለት ሰዓት።»

«በትልቁ ቴሌቪዥን ነው በታብሌቱ?»

«በታብሌቱ።»

«ማሻአላህ፣ ጎበዝ። አንድ ተኩል ብዬ ይዣለሁ።»

መጀመሪያ ላይ ባሮክ «ግምገማ ተጀመረ» እያለ ያጉረመርም ነበር። ጋሽ ወንዳፍራሽ «የውሃ ሚኒስትሯ መጡ» ብለው በር ይከፍታሉ። ግን በዚያ ወር ኢንተርኔቱ ሃያኛውን ቀን አለፈ። ሃያ አምስተኛውንም አለፈ። በሠላሳኛው ቀን አሥራ አንድ ጀሪካን ተረፈን። ከዚያ ወዲህ ማንም አላጉረመረመም። በወር ስድስት መቶ፣ በቀን ሃያ፦ ስምንት ለእኛ፣ ስድስት ለጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ስድስት ለእነሱ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር አላለቀብንም።

ባለፈው ጁን ግን ሊያልቅብን ነበር።

በጁን ውስጥ ሐናን ትልቅ ነገር ነበረባት። የፋርማሲ ረዳትነት ትምህርቷን ከሥራ መልስ አንድ ዓመት ተኩል ተምራ ጨርሳ፣ የመጨረሻው ፈተና ቅዳሜ ጁን 28 ተቀጠረላት። ፈተናው ከቤት ነው፤ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ፣ በካሜራ እየታየች። ከተቋረጠ ይሰረዛል፣ ሌላ ቀጠሮ የሚገኘው ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ነው። በርባንክ ያለ አንድ ፋርማሲ «እስከ ወሩ መጨረሻ ወረቀትሽን ካመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው» ብሏታል። ደንቡ በስልክ ኢንተርኔት መፈተን አይፈቅድም፤ ክፍሉንም ቀድማ ፎቶ አንስታ ስላስመዘገበች ሰው ቤት ሄዳ አትፈተንም። ስለዚህ በ28 ኢንተርኔቱ መንፏቀቅ የለበትም። በቃ፣ ይኸው ነው።

የዐረፋ ዕለት፣ ጁን 6፣ ሐናን ለእናቷ ስጦታ ይዛ መጣች፤ አዲስ ቴሌቪዥንና በኢንተርኔት የሚሠራ ትንሽ ጥቁር ቦክስ። ያን ቀን ሁላችንም እነሱ ቤት በላን፤ ከፍታ የመካን የቀጥታ ሥርጭት አሳየችን፣ ሰው እንደ ጎርፍ ካዕባን ሲዞር። እትዬ ሙጂባ እንባቸው መጣ። እንግዳው ሲሄድ የቴሌቪዥኑን ሪሞት አንስተው ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ፤ ጠፋ። ከዚያ ከድሮ የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ቴሌቪዥኑን አለበሱት። አቧራም አይነካው፣ ዓይንም አይነካው።

ከዚያ በኋላ እምብዛም አልከፈቱትም። አልፎ አልፎ ሲከፍቱት ግን ደስ የሚላቸው ነገር ነበር። «አየሽ፣ እኔ ስከፍተው ሁሌ መካ ላይ ነው የሚጠብቀኝ» አሉኝ አንድ ቀን። እኔም «በረካ ነው እትዬ» አልኩ።

ረቡዕ ጁን 11 አፑ ታደሰ። ሁለት መቶ መሆን የነበረበት ሦስት መቶ ሃያ አምስት ይላል። እትዬ ሙጂባ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩት። የድርጅቱ ስህተት ይሆናል ብለው ጠበቁ። ቅዳሜ ጠዋት አራት መቶ ስልሳ አለ፤ ልክ ቢሆን ኖሮ ሁለት መቶ ስልሳ ነበር። ለአሥራ ሰባት ቀን የቀረን መቶ አርባ ነው። በዚያ አካሄድ ፈተናው ሳይደርስ፣ ገና በሦስት ቀን ገደማ ያልቃል።

ደብተራቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ፊተኛው ቤት ሄዱ። እኔ ቅድስትን አዝዬ ተከተልኩ።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ አይቀየሙኝ፤ የሚፈሰው እርስዎ ጋ ነው።»

«እኔ ጋ?» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «ስድስት ሰዓት ኳስ ካየሁ ስድስት ሰዓት ብዬ ነው የማስጽፍዎት! ነፍሷን ይማርና ለሚስቴ ዋሽቼ ይሆናል፤ ለእርስዎ ግን አንድ ቀን ዋሽቼ አላውቅም!»

«እነ ባሮክ ያዩት ተጽፏል፣ እኛም ያየነው ተጽፏል። ታዲያ ሁለት መቶ ጀሪካን የት ገባ?»

«እኔ እንጃ! የሐናንን ፈተና የማበላሽ ሰው ነኝ እንዴ?»

ነገሩ ሊከር ሲል እትዬ ሙጂባ ደብተሩን ዘጉ። «መልካም። ቦኖ ሲፈስ እንደምናደርገው እናድርግ። ሁሉም ቧንቧ ይዘጋ፣ ቆጣሪውን ቁጭ ብለን እንየው።»

ራውተሩ የሚቀመጠው የጋሽ ወንዳፍራሽ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ነው። ኢንተርኔት ሲያልፍበት የምትርገበገብ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለችው። ባሮክ ቤታችን ሄዶ ያለውን ሁሉ ከሶኬት ነቅሎ መጣ። ሐናን ሥራ ነበረች፣ ስልኳም ኮምፒውተሯም አብረዋት። ጋሽ ወንዳፍራሽ የነቀሏቸውን ገመዶች በእጃቸው ጨብጠው እንደ ምስክር አሳዩን። ስልኮቻችንን ሁሉ አጥፍተን በእኩለ ቀን ቡፌ ፊት ተሰልፈን ቆምን።

መብራቷ ትርገበገባለች። ያውም ያለ ዕረፍት።

«ይዞራል» አሉ እትዬ ሙጂባ በቀስታ።

«ታዲያ የቀረው ቤት የማን ነው?» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«የእኔ ቤት ምን አለበት? ስልኬ ይኸው ጠፍቷል። ቴሌቪዥኑም ጠፍቷል...» ብለው ቃሉን ሳይጨርሱ ቆሙ። ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ቤታቸው አመሩ፤ ተከተልኳቸው።

ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው እጃቸውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰደዱ። ወዲያው መለስ አደረጉት።

«ትኩስ ነው፤ እንደ ጀበና።»

ቦክሱ ነው። ሪሞቱ የሚያጠፋው ቴሌቪዥኑን ብቻ ነው ለካ። ቦክሱ ከዐረፋ ጀምሮ ቀንም ሌትም በጠፋ ቴሌቪዥን ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ መካን ሲያሳይ ሰንብቷል። ማንም ስላላየው ማንም አላስመዘገበውም። ገመዱን ነቀሉት። ከፊት ቤት የጋሽ ወንዳፍራሽ ድምፅ ተሰማ፦ «ቆመች! ቆመች!»

እዚያ ክፍል ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። እውነቱን ልናገር፤ አሳዘኑኝና «እትዬ፣ ቆሟል እኮ። ኔትዎርክ ነበር እንበልና ይለፍ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ የቦኖው ቧንቧ በእኔ ስንፍና የፈሰሰ ቀን በማን ስም የጻፍኩት ይመስልሻል?»

ተመልሰው ሄዱ፤ ባሮክም ጋሽ ወንዳፍራሽም ባሉበት ቆመው «እኔ ጋ ነው። ሁለት መቶውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ሳላጣራ ስምዎን አነሣሁ፤ አውፍ ይበሉኝ» አሉ። ደብተሩን ከፍተው በራሳቸው ቤት መስመር ላይ «200» ብለው ጻፉ፤ ከጎኑ «ሙጂባ ቦክሱን ሳትነቅል» ብለው ጨመሩ።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ገመዶቻቸውን ቡፌው ላይ አስቀመጡና «እንግዲህ ስምንት ቀን ሙሉ መካ የተከፈተበት ግቢ ነው። ከእንግዲህ ሰይጣን በዚህ በር አያልፍም፤ ኪራይ ልጨምር ነው» አሉ። እትዬ ሙጂባ ሳይፈልጉ ሳቃቸው መጣ።

ሐናን ማታ ስትሰማ ሶፋው ላይ ዘጭ አለች። «እማዬ፣ የገዛ ስጦታዬ ሊጥለኝ ነው?»

«አብሽሪ። መቶ አርባ ጀሪካን አለን። በድርቅ ዘመን ከዚህ ባነሰ ሰፈር አጠጥቻለሁ።»

የዚያኑ ምሽት ድልድሉ ወጣ። በቀን ዘጠኝ፣ ለየቤቱ ሦስት ሦስት። አሥራ አራት ቀን በዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት፤ በፈተናው ጠዋት አሥራ አራት ይተርፋል። ጋሽ ወንዳፍራሽ ኳሱን በሬዲዮ ሊሰሙ ተስማሙ፤ «ድሮም ታክሲ ውስጥ እንዲያ ነበር» እያሉ። ባሮክ ጌሙን ዘጋ። እኔ ለቅድስት ካርቱኑን ቀንሼ ከላይብረሪ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አመጣሁላት፤ ሁለት ቀን አልቅሳ በሦስተኛው ለመደች። ሦስቱን ጀሪካን ለሐናን ጥናት የለቀቁት እትዬ ሙጂባ ድራማውንም ትምህርቱንም ትተው፣ ከእህታቸው ጋር ያለ ቪዲዮ በድምፅ ብቻ ያወሩ ጀመር። እህታቸው በመጀመሪያው ቀን ደነገጡ።

«ፊትሽን ለምን ደበቅሽኝ? ታመሻል?»

«ደህና ነኝ። ኢንተርኔቱን እየቆጠብን ነው።»

«ውይ! ጥቅሉ አለቀብሽ? እኔ የአሜሪካ አያልቅም ብዬ!»

«ሁሉም ያልቃል እህቴ፤ ያውም እንዳንቺው በጥቅል ነው።»

ፈተናው ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት አፑ የሚያሳየው ገና የሐሙስን ነው። አሥራ አራት ጀሪካን መቅረቱን የሚያውቀው የእትዬ ሙጂባ ደብተር ብቻ ነበር። ሐናን ክፍሏ ገብታ ከመዝጋቷ በፊት፦

«እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ? አያልቅም አይደል?»

«አሥራ አራት ነው። ግቢ።»

እኔ ቅድስትን ይዤ በሰፈሩ ሙዚየም አጠገብ ወዳለው ፓርክ ልወጣ ስል እትዬ ሙጂባ ስልኬን ተቀበሉኝ። የባሮክን ተቀበሉ። ጋሽ ወንዳፍራሽ የራሳቸውን አጥፍተው «እንኩ፣ ቁልፉ» ብለው ሰጧቸው። እትዬ ሙጂባ ወንበር አምጥተው ቡፌው ፊት ተቀመጡ፤ ሦስቱን ስልክ ጭናቸው ላይ ይዘው፣ መብራቷን እያዩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላሉም ብለው ነገሩኝ ጋሽ ወንዳፍራሽ። ውሃ ቢሰጧቸው እንኳ አልጠጡም፤ መብራቷ ስትርገበገብ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ነው።

ከፓርክ ስመለስ ሐናን በባዶ እግሯ ግቢው መሃል ቆማ ነበር። እናቷን አቅፋ ወደ ላይ ታነሣቸዋለች፣ እሳቸው «ተይኝ፣ ስልኩ ይወድቃል!» እያሉ ይጮኻሉ። ኮምፒውተሩ ማለፏን እዚያው ነግሯታል። ጋሽ ወንዳፍራሽ እልል አሉ፤ ወንድ እልል ሲል ያን ቀን ነው የሰማሁት።

እትዬ ሙጂባ ሐናን ስትለቃቸው መጀመሪያ ያደረጉት ደብተራቸውን መክፈት ነው። «ፈተና» ብለው ጻፉ። በወሩ መጨረሻ አፑ ሲታደስ አምስት መቶ ዘጠና ሰባት አለ። ሦስት ጀሪካን ተርፏል። ደብተራቸውም ሦስት ነው የሚለው።

ዛሬ ሐናን በርባንክ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋውን ለብሳ የተነሣችው ፎቶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተሰቅሏል። ዳንቴሉም አለ፤ ቦክሱ ግን ከሥሩ ወጥቶ በግልጽ ቦታ ተቀምጧል። እትዬ ሙጂባ አራተኛ ደብተር ጀምረዋል። የጁኑን ገጽ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያሉ፤ መጀመሪያ የሚያሳዩት ደግሞ የሐናንን ፈተና ሳይሆን በራሳቸው ስም የተጻፈውን ሁለት መቶ ነው።

ስለ እሳቸው ልጽፍ ነው ስላቸው «ዕድሜዬን እንዳትጽፊ» አሉኝ። አልጻፍኩም። ከዚያ ግን ለሚያነቡት ሁሉ አንድ ነገር ንገሪልኝ አሉ፤ እኔም ቃላቸውን እንዳለ አስቀምጬዋለሁ፦

«ዛሬ ቴሌቪዥናችሁን ስታጠፉ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጉና እጃችሁን ቦክሱ ላይ ጣል አድርጉ። ከቀዘቀዘ ደህና እደሩ። ከሞቀ እየጠጣ ነው፣ ንቀሉት። ያፈሰሳችሁትንም ጎረቤት ሳይጠይቃችሁ በራሳችሁ ስም ጻፉልኝ።»